ረቡዕ ላይ የወደቀ ሰርግ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እትዬ ስንዱ ወጥ አላስነኩኝም። በላይ ጋይንት የደገሰ ሁሉ የሚጠራቸው ወጥ ሠሪ እሳቸው ነበሩ። ጉልቻው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ዛሬ አሽትቺ ብቻ» አሉኝ። ሽንኩርቱ ውሃውን ሲጨርስ፣ በርበሬው ሲቁላላ፣ ሽታው እንዴት እንደሚለወጥ ዐይኔን ጨፍኜ ስከተል ዋልኩ።

እሳቸው ሲደክሙ ድስቱ ወደ እኔ ዞረ። በጃንሆይ ዘመን ከስማዳ እስከ እስቴ ስንት ሰርግና ተዝካር እንደሠራሁ እንጃ። አንዱ ግን ዛሬም እንደ ሕልም ይመጣብኛል።

ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ አያ ምናሉ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ለስማዳ ሰው ዳሩ። ሰርጉ ማክሰኞ ነው። ቀይ ወጡ ደርሶ ሙሽራውን ስንጠብቅ ጉም ወረደ። ዳሱ ጠፋን፤ ድስቴን በእጄ እየዳበስኩ ነበር የማማስለው። ወደ ማታ የሙሽራው አጃቢዎች ዘፈን መጣ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከገደሉ በታች፣ አንዴ ከጆሯችን ሥር። ከበሮ መታንላቸው። ዘፈኑ ግን እየራቀ ሄደ።

ሙሽራዋ ተሸፋፍና እንደተቀመጠች፣ «ተመለሱ እንዴ?» አለችኝ። ከበሮውን እንደገና አስመታሁ።

ጉሙ የተገለጠው ረቡዕ ጠዋት ነው። አጃቢዎቹ ማዶ ተረተሩ ላይ፣ ጋቢያቸው በጤዛ ርሶ ቆመዋል። ገብተው እንደተቀመጡ የሙሽራው አባት ባላምባራስ ቢተው ቀኑን አስታወሱ።

«በጾም ቀን ምን ልታበሉን ነው?»

«ያለውን፣ ጌታዬ» አሉ አያ ምናሉ።

«ልጄን በሽሮ አልድርም። ይዤው እመለሳለሁ።»

አያ ምናሉ እኔ ወዳለሁበት ማድቤት መጡ።

«የባቄላ ዱቄት አለ?» አልኳቸው።

«ሞልቷል።»

«እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩአቸው።»

እልበት ሠራሁ። ዱቄቱን ከአብሽ ጋር አብስዬ፣ ሲበርድ ሰናፍጭ እየጨመርኩ ገበቴ ውስጥ መታሁት። ክንዴ ሲዝል ሙሽራዋ መሸፈኛዋን ጥላ መጣችና ተቀበለችኝ። የጠቆረው ሊጥ በእጇ እየነጣ፣ እየተነፋ፣ ባዘቶ መሰለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቀርብ ባላምባራስ ለወጉ ያህል በእንጀራ ጠቀሱ። ሰናፍጩ ዐይናቸውን በእንባ ሞላው። ደግመው ጠቀሱ።

«ማን መታው?»

«ምራትዎ» አልኳቸው።

ሌላ እንጀራ ቆረሱ። «እንግዲያስ ሥጋውን ነገ በልተን ይዘናት እንሄዳለን» አሉ።

እንዳሉትም ሐሙስ ይዘዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በተጠራሁበት ድግስ ሁሉ የባቄላ ዱቄት ሳላስፈጭ እሳት አላነደድኩም። ለእናንተ ለወጥ ሠሪዎችም የምለው ይኸው ነው፤ ለፍስኩ ስትጠሩ ለጾሙም ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።