ለቅሶ ያልደረሰች

ሰሞኑን አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ብሎ ቆቦ ወዳለው ምግብ ቤቴ መጣ። «ማዘር፣ ሠራተኞችዎ ለምን አይለቁም?» አለኝ። ደግ ስለሆንሁ መስሎታል። ደግነት እንዳልሆነ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ምሳ ደረሰና ተውሁት።

በወጣትነቴ ከመንገዱ ማዶ፣ እትዬ ዘሃራ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርሁ። የከባድ መኪና ሹፌሮች አላማጣን ሳይበሉ አልፈው ለእኔ የፍየል ቅቅል ይመጡ ነበር። ያ የቆላ ሙቀት፣ ያ የምድጃ እሳት! እንዲያም ሆኖ ቤቱን እንደ ቤቴ እወደው ነበር፤ እዚያው የማረጅ ይመስለኝ ነበር።

ማሽላው በሚታጨድበት ወቅት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ዋጃ ላይ ሞተ። ያሳደገኝ እሱ ነው። እያለቀስሁ ስነግራት እትዬ ዘሃራ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ፣ «አላህ ይዘንለት። በይ ዛሬን ተቀመጪና ነገ ለምሳ ድረሽ፤ ሹፌሮቹ እንደሁ ለቅሶ አያውቁም» አለች።

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ዓይኔ ከመንገዱ አልተነቀለም። ዋጃ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ እንደ ጉድ ይመላለሳል። ከእሷ ቤት አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። የመጡት ጎረቤቷና ተፎካካሪዋ ሐጂ ኑሩ ናቸው፣ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ ጭነው። ፊት ለፊቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አሉኝ።

ሐዘኔን ጨርሼ ስመለስ በቀጥታ ሐጂ ቤት ሥራ ገባሁ። ደሴ የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ ነበር፤ አልሄድሁም። እትዬ ዘሃራ በየቀኑ እንድታየኝ ፈለግሁ። ሹፌሮቹ ቅቅሉን ተከትለው መንገዱን ሲሻገሩ ከበሯ ቆማ ታይ ነበር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሐጂ ሲያረጁ ቤቱን አከራዩኝ፤ የእሷ ምግብ ቤት ግን ተዘጋ።

ዛሬ ከሠራተኞቼ አንዱ ሐዘን ሲደርስበት፣ ሥራውን ዘግቼ ሁሉንም ሚኒባስ ላይ እጭናለሁ። ሹፌሩንም በእሷ በር በኩል ቀስ ብለህ እለፍ እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የእቃ አጣቢያችን አባት ሮቢት ላይ ሞተው ስንሄድ፣ አሮጊቷ ከደጇ ተነሥታ መኪናውን አስቆመች።

«ማን ሞተባችሁ?»

ነገርኋት።

«እኔም ልድረስ፤ ቦታ አላችሁ?» አለች።

«ቦታ የለም፤ መኪናው ሞልቷል» አልኋት። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ሠራተኞቼ ሁሉ አይተዋል።

ሹፌሩን «ንዳው» አልሁት። ይቅር በያት የሚሉኝ አሉ። ለሰው ለቅሶ ሁልጊዜ መድረስ ይቻላል፤ የእኔ ሰይድ ግን የሞተው አንድ ጊዜ ነው።