ስንቅ ቀማሹ ሳይክለኛ

ሳይክል የገዛሁት ወያላ ስለሰደበኝ ነው። ሌላ የረባ ምክንያት አልነበረኝም። አንድ ማለዳ አቃቂ ላይ ሰልፍ ጠብቄ ጠብቄ ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ ወያላው ከኋላዬ "አንተ ረጅሙ፣ ታጠፍ እንጂ! ጃንጥላ እንኳ ይታጠፋል!" አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ ወረድኩና እስከ ቃሊቲ በእግሬ ነካሁት። በያጅ ሆኜ የምሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ ስደርስ ረፍዶ ነበር፤ ወያላው የጀመረውን ስድብ አለቃዬ ጨረሰልኝ። ቅዳሜ ዕለት አንድ አሮጌ የቻይና ሳይክል እየገፋሁ ቤት ገባሁ። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችውና "ይኼ ነው እንግዲህ የሚገድልህ?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አልገደለኝም፣ ተመስገን። እንዲያውም ዛሬ ያንን ወያላ ባገኘው ምሳ እጋብዘዋለሁ።

የአቃቂን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ የከተማው ባቡር ገና አልመጣም፤ ተሳቢው፣ ቦቴው፣ አይሱዙው፣ የየፋብሪካው ሰርቪስ ሁሉ የሚተራመሰው በዚያችው አስፋልት ላይ ነው። ተሳቢ አጠገብህ ሲያልፍ ነፋሱ ወደ ጎማው ይስብሃል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። "ስማ፣ ተሳቢ ከመጣ ወንድነት የለም፤ ከአስፋልቱ ውረድ" አለኝ። እኔም ወረድኩ፤ አቧራ ውስጥ ቆሜ ስንቱን አሳለፍኩ! እየቆየ ሾፌሮቹ ለመዱኝ። አንዳንዱ ከሩቅ ሁለቴ ጡሩምባ ነፍቶ፣ ሰፋ አድርጎ ዞሮኝ ያልፋል፤ እኔም እጄን አነሳለሁ። መልኩን እንኳ በቅጡ ያላየሁት ሰው ነፍሴን ጠብቆልኝ ሲያልፍ ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ ነው የምለው፤ ዛሬም እላለሁ።

የሱሪዬን እግር ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ በዚያ ብርድ ስወጣ ደስታዬ ሌላ ነበር። ወደ ፋብሪካ በቡድን የሚሄዱ ሴቶች "ኧረ ጫነን!" ይሉኛል። "አንዷን ከጫንኩ ሌላዋ ታኮርፋለች፣ ተዉኝ" እላለሁ፤ እስከ ድልድዩ ይስቁብኛል። ሽማግሌ ካየሁ ግን ቀልድ የለም፣ ወርጄ ነው እጅ የምነሳው። አንድ ቀን ሳልወርድ እንደተቀመጥኩ "እንደምን አደሩ" ብዬ ባልፍ፣ እኔ ፋብሪካ ሳልደርስ ወሬው እማዬ ዘንድ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሊቲ እስክደርስ ሦስትና አራት ጊዜ እወርዳለሁ። ቢሆንም ከታክሲ እቀድማለሁ።

አንድ ነገር ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ሰፈር ውስጥ ሳይክል ያለው ሰው የራሱ አይደለም። "እግረ መንገድህን" የምትባል ቃል አለች። እግረ መንገድህን መድኃኒት፣ እግረ መንገድህን ለእህቴ መልእክት፣ እግረ መንገድህን አንድ ዶሮ። አዎ፣ ዶሮም ጭኛለሁ።

ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ከስልጤ የመጣች ሙስሊም ናት። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ግድም ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ተሳቢ ይነዳ ነበር፤ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶበት ሰው ሞተና ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገባ። እሷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪም ደግሞ ታክሲ እንዳትሳፈር፣ ብዙ እንዳትቆም ከልክሏታል። ሁለቱ ልጆቿ ገና ሕፃናት፣ ዘመዶቿ ሁሉ አገር ቤት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስኳር ልገዛ ጎራ አልኩ። ስኳሩን እየሰፈረች፣ ቀና ሳትል፣ "እግረ መንገድህን..." አለች። መጨረስ አቃታት።

"ከነገ ጀምሮ፣ እትዬ" አልኳት።

በማግስቱ ባለ ሦስት ደርቡን ምሳ ዕቃ ከኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ ጠፍሬ ወጣሁ። የስንቅ መቀበያው መስኮት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ የኔ ሥራ ሁለት ተኩል ነው የሚገባው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ምግቡን ያመጣው ሰው በፈታሹ ፊት ከየዓይነቱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ይገባል። ባዶውን ዕቃ ማታ በመልሴ እወስዳለሁ። ፈታሹ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። "ከዚህ፣ ከዚህም" እያለ በጣቱ ያሳየኛል፤ እኔም እቀምሳለሁ። አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ጎመን። ሴትዮዋ ደግሞ ባለሙያ ናት! እውነቱን ልናገርና፣ ቤት ቁርስ መብላት ተውኩ። አንድ ጠዋት ፈታሹ "ወንድሜ፣ ቅመስ አልኩህ እንጂ ብላ አላልኩህም" ብሎኛል።

እንዲህ እያልን ሦስት ወር ሞላን።

አንድ እሑድ ባሏን ልጠይቀው ገባሁ። በሽቦው ማዶ ቆሞ ሳየው ደነገጥኩ፤ ያ ተሳቢ የሚያሽከረክር ግዙፍ ሰው ትከሻው ወድቋል። ስለ ጤናው ጠየቅሁት። ሽቦውን ይዞ ጠጋ አለና "እውነቱን ንገረኝ፤ ሱቁን ሸጠችው፣ አይደል?" አለኝ።

"ኧረ በማርያም! ማን አለህ፣ ጋሼ? ሱቁ ሙሉ ነው።"

"ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ሽሮና ምስር? እኔ ቤት ሥጋ ሳይገባ ሳምንት አያልፍም ነበር። እሷ በኔ አትጨክንም፤ ቢኖራት ትልክልኝ ነበር። ከልጆቼ አፍ እየነጠቀች ነው የምትልክልኝ።"

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። አላመነኝም። "አንተ ጥሩ ልጅ ስለሆንክ ነው የምትሸፍንላት" አለኝ። "ከነገ ጀምሮ ስንቅ አልቀበልም። ልጆቼ ይብሉት። ንገራት።"

ያን ቀን ከቃሊቲ አቃቂ እንዴት እንደጋለብኩ አላውቅም። ደሜ ፈልቷል። የተናደድኩት በሷ ነው፤ ሱቋ ሞልቶ ተርፎ ሰውየውን በጥራጥሬ የምትቀጣው ምን በድሏት ነው? ሳይክሉን ከግድግዳው ጋር አላትሜ ገባሁና "እትዬ፣ ለመሆኑ እንዲህ ቆጣቢ መሆንሽን አላውቅም ነበር! ሰውዬሽ ሱቁ የተሸጠ መስሎት ምግብ አልበላም አለ። ለሦስት ወር አንድ ቁራጭ ሥጋ መላክ ይኼን ያህል ያቅታል?" አልኳት።

ባንኮኒው ላይ ያለውን ሚዛን ትንሽ ገፋ አደረገች። ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየችው።

"አንተ ልትቀምሰው?" አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ሁላችንም ተከባብረን ያደግነው እንዲህ ነው። መስኮቱ ላይ የምቀምሰው እኔ መሆኔን ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። ስለዚህ እኔን ላለማስነወር ብላ ባሏን ሦስት ወር በጾም ምግብ አሳደረችው። እኔ ደግሞ ያንኑ ሽሮ እየጎረስኩ ቁርሴን ስበላ ከርሜያለሁ!

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? እየለፋህልኝ፣ ማተብህንም በጥስልኝ ልበልህ?"

ይሉኝታ ይኼን ያህል ነው። ሰው ይርባል እንጂ አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ሰኞ ሽሮውን ወሰድኩ፤ ማታ ሳይነካ ተመለሰ። ማክሰኞም እንዲሁ፤ ፈታሹ "ሰውየው እምቢ ብሏል" አለኝ። እሷ ምሳ ዕቃውን ከፍታ አይታ መልሳ ከደነችው። ረቡዕ አረፋ ነው። "በቃ፣ ለነገ ሥጋ ሥሪ" አልኳት። "ሰልፉ ላይ ሙስሊም መቼም አይጠፋም፤ አንዱን ለምኜ አስቀምሳለሁ። ሥጋውን ካየ ያምናል።" በጉ እስኪታረድ አልጠበቀችም፤ ያኔውኑ ከሙስሊም ሥጋ ቤት አስገዝታ፣ ከሐኪሙ ትእዛዝ ውጭ ቆማ ወጠወጠች።

ፋብሪካችን ለበዓል ተረኛ ስለሚመድብ እኔ ያን ቀን ሥራ ገቢ ነበርኩ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የሥጋው ሽታ ከኋላዬ እየተከተለኝ በረርኩ። መስኮቱ ጋ ደርሼ ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ አየሁት። ነጠላ፣ ነጠላ፣ ማተብ፣ ነጠላ። አንድ ሙስሊም የለም።

ወይ ጉድ! የአረፋ ጠዋት ሙስሊም ሁሉ ሶላት ላይ እንደሚሆን ያልጠረጠረ ብቸኛው የአዲስ አበባ ሰው እኔ ነኝ። ሰው እያሳለፍኩ ጠበቅሁ። አንድ እንኳ አልመጣም። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሩብ ሆነ። የመጨረሻ ሁለት ሰው ስንቀር ጠጋ ብዬ ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ።

ፈታሹ ሥጋውን አየ፣ እኔን አየ። "አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ። ጋሼ፣ እባክህ፣ ሌላ ሰው ቢቀምስልኝ?"

"ያመጣው ነው የሚቀምሰው። እኔም የታዘዝኩትን ነው" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ግን ሐዘን ነበር። "ዛሬ በዓል ስለሆነ ከሰዓት አንቀበልም። ካልሆነልህ መልሰው፣ ማንም አይፈርድብህም።"

መልሼ ምን ልላት ነው? ሰውየው ለሦስተኛ ቀን ጦሙን ሊያድር፣ እሷ በዚያ ሆዷ ልታለቅስ፣ እኔ ማተቤን ይዤ ልገባ? በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ፈታሹ ባሳየኝ በኩል ቆርሼ ጎረስኩ።

ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ "ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!" አሉ።

ጾሙን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። አንዴ ጎርሻለሁ፣ ዋጥኩት። ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል ብዬ ነበር፤ አልቆመም። ፈታሹ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አስገባው።

ቀኑን ሙሉ ብረት ስበይድ ልቤ እዚያው መስኮት ላይ ነበር። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሼ ስሄድ ፈታሹ ከሩቅ አይቶኝ ፈገግ አለ። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። "ክዳኑን ሲከፍት 'ሱቁ አለ! ሱቁ አለ!' እያለ ጮኸ አሉ" አለኝ። "አልቅሶ ሲያበቃ ለሙስሊሞቹ ጓደኞቹ አካፈለ። እሱም በላ።"

ባዶው ዕቃ ከኋላዬ እየተንኳኳ፣ እኔ ብቻዬን እየሳቅሁ አቃቂ ገባሁ። ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሻሿን ወደ አፏ ወሰደችና "አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ደጋግማ። ከዚያ "ማን ቀመሰልህ?" አለችኝ።

"አንዲት ሴትዮ" አልኳት። እውነቱን ብነግራት መቼም ቢሆን ሥጋ እንደማትልክ አውቃለሁ።

"አላህ ጀነት ያግባት" አለች።

እማዬን ግን መዋሸት አልችልም፤ ሞክሬ አውቃለሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት። እማዬ ጾም ከመፍታቷ በፊት ሰዓት ሁለቴ የምታይ ሴት ናት፤ ቁጣዋን ጠበቅሁ። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ነገ የንስሐ አባትህ ጋ ሄደህ ትነግራቸዋለህ።"

"እሺ።"

"ለመሆኑ ጣፈጠ?"

"እማዬ!"

"ጠየቅሁህ እኮ።"

"በጣም" አልኩ።

"ነገርካት?"

"የለም፣ ሌላ ሰው ቀመሰው አልኳት።"

ቁጣው አሁን መጣ። ብድግ አለች። "አንተ ባለጌ! ሴትዮዋ በዚያ ሆዷ ቆማ ሠርታ፣ በልተህ 'እጅሽ ይባረክ' ሳትላት መጣህ? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁህ? ውጣ! ሂድና ንገራት!"

መንገዱን ተሻገርኩ። እትዬ ሱቁን ልትዘጋ በሩን ይዛለች። ምን ረሳህ አለችኝ።

"እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ" አልኳት። "በጣም ጣፍጦ ነበር።"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በሩን ደግፋ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንባዋን ሳትጠርግ፣ "ጨው አልበዛበትም?" አለችኝ።

"ልክ ነበር" አልኳት።