መስኮት ላይ ቆሞ የዋለ ደም

ሠርካዲስ ለታ ቁስቋም ተወልዳ ያደገች፣ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ማይክሮስኮፑ ላይ የምትደርሰው ወንበሯ ላይ ትራስ ደርባ ነው። ግልፍተኛም ናት። ያየችውን አላየሽም ሲሏት አትወድም።

በ1975 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ሸማኔው ጋሽ ይገዙ ሆዳቸውን ይዘው መጡ። ጣፊያቸው አብጦ ከግራ ጎናቸው እስከ እምብርታቸው ወርዷል። ሊሠሩ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሲቀመጡ፣ ሸማው የሚጠቀለልበት እንጨት ሆዳቸውን እየተጫነ አላሠራ ብሏቸዋል። ሰውነታቸውም አልቋል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ግዛቸው ሰውየው የጋሞ ጎፋ ተወላጅ መሆናቸውን ሲሰሙ ብዙ አላሰቡም። ጣፊያው ያበጠ የዚያ አገር ሰው፣ በቃ ወባ ነው። ሦስት ጊዜ የወባ ኪኒን አዘዙላቸው። የጋሽ ይገዙ ቀዬ ብርድ የሚቆረጥመው ደጋ መሆኑን፣ እሳቸውም ከአዲስ አበባ ከወጡ ስምንት ዓመት እንዳለፋቸው የጠየቀ የለም።

ሠርካዲስ ጠየቀች። ከዚያ የደማቸውን ጠብታ መስተዋት ላይ ቀብታ፣ ቀለም ውስጥ ነክራ በማይክሮስኮፑ አየችው። ወባ የሚባል የለም። ነጩ የደም ሴል ግን የትየለሌ ነው፤ ከመቅኒ መውጣት ያልነበረበት ለጋው ሳይቀር ከበሰለው ጋር ተደባልቆ ወጥቷል። ቆጠረችው። ጤነኛ ሰው ላይ ከአሥር ሺህ ብዙም የማያልፈው ቁጥር እሳቸው ላይ ሁለት መቶ ሺህ አልፏል። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው።

«ተሳስተሻል» አሉ አቶ ግዛቸው የውጤቱን ወረቀት አንብበው ሳይጨርሱ። «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ይህን ወደ ሆስፒታል ልኬ መሳቂያ አልሆንም።»

ሠርካዲስ በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ያለ እሳቸው ፊርማ ሰውየው ትልቁ ሆስፒታል አይደርሱም፤ ካልደረሱ ደግሞ የወባ ኪኒን እየዋጡ መሞታቸው ነው።

«እንግዲያው ክንድዎን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«የኔን?»

«የእርስዎን። ጤነኛ ነዎት አይደል?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። የሁለቱን ሰዎች ደም፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለባቸው ሁለት ቀጫጭን ብልቃጦች ቀዳች፤ ስማቸውን ለጥፋ መስኮቱ ላይ አቆመቻቸው። ደም ቆሞ ሲውል ቀዩ ይዘቅጣል፣ ነጩ ከላዩ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ጠራቻቸው። በአቶ ግዛቸው ብልቃጥ ነጩ ክር የምታህል መስመር ናት። በጋሽ ይገዙ ግን የጣት ውፍረት አለው።

ጋሽ ይገዙ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ጥጥ ይመስላል» አሉ ቀስ ብለው።

አቶ ግዛቸው ተቀምጠው የመላኪያውን ወረቀት ሞሉ፤ ፈረሙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። የሆስፒታሉ ሐኪም መቅኒያቸውን ጭምር መርምረው፣ ሕመሙ ቀስ እያለ የሚሄድ የደም ካንሰር መሆኑን፣ የሚያበርደውን ኪኒንም መጀመራቸውን ጽፈዋል። ይድናሉ አላሉም፤ ዓመታት ያገኛሉ ግን ብለዋል። ከታች «ይህን ደም ያነበበውን ባለሙያ እጁን ጨብጡልኝ» የሚል ነበረበት። አቶ ግዛቸው ወረፋው ፊት ጮክ ብለው አነበቡትና እጃቸውን ዘረጉላት። ሠርካዲስ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ አልሞከረችምም።

በጥር ጋሽ ይገዙ ነጠላ ይዘው መጡ። ሆዳቸው ጎድሏል።

«ጉድጓዴ ገባሁ» አሏት። «እንጨቱ አልነካኝም። እስቲ ጠርዙን እዪው፣ ተዛብቷል?»

ወደ መስኮቱ ወስዳ ዘረጋችው። ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው።

«ቀጥ ያለ ነው፣ ጋሽ ይገዙ» አለች፤ እንደ ልማዷ ግን ደግማ አየችው።