የረገጥኩት መደብ

ባለቤቴ የሁለት ዓመት ትምህርቱን ምሥራቅ ጀርመን ጨርሶ የተመለሰው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከሻንጣው ለእኔ ሹራብ፣ ለልጃችን ጫማ አወጣ። ከሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ የአትክልት መቀስ ነበር።

ልደታ የምንኖርባት የቀበሌ ቤት ከኋላዋ ትንሽ ጓሮ አላት። እኔ ጎመን ጣል ከማድረግ በቀር ዞር ብዬ አላያትም። እሱን ግን በማግስቱ ቁርስ ሳይቀምስ እዚያ ቆሞ አገኘሁት።

«ጀርመን የጓሮ ሥራ የሚጀመረው በረዶው ሲቀልጥ ነው» አለኝ። «መሬቱ ውሃ እንደጠጣ አይረገጥም፤ ይደነድናል። አንድ እፍኝ አፈር አንስተሽ ትጨብጫለሽ። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ከተፈረፈረ ደርሷል። እስከዚያ በረዶ የሰበረውን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ትቆርጫለሽ፤ ከርሞ የበሰበሰውን ቅጠል ቀስ ብለሽ ታነሻለሽ። ከሥሩ ቡቃያው ነጣ ብሎ ታገኚዋለሽ።»

በትዳራችን ዘመን ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ማን አስተማረህ?»

«ከምንማርበት ግቢ አጠገብ የምትኖር ሴትዮ። ቅዳሜ ቅዳሜ እረዳት ነበር።»

«አሮጊት ናት?»

መዋሸት አይችልበትም። «አይ፣ ካንቺ በሁለት ሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ባሏ ሞቶባታል።»

ውስጤ ተቃጠለ። እኔ ልጄን አዝዬ ኅብረት ሱቅ በር ላይ ለስኳር ስሰለፍ፣ እሱ ከሌላ ሴት ጋር ተንበርክኮ አፈር ይጨብጥ ነበር። የአልጋ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰድቤ በወጣልኝ።

መስከረም ላይ ሦስት የአትክልት መደብ አዘጋጀ። ፍግ አልብሶ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሊዘራ መሬቱ እስኪጠነፍፍ ይጠብቅ ጀመር። አንድ ቅዳሜ እሱ ስብሰባ ሄዶ ሳለ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ቦቲ ጫማውን አጠለቅኩና መካከለኛውን መደብ ከዳር እስከ ዳር ረገጥኩት። ጭቃው እየያዘኝ፣ እግሬን እየመነጨቅኩ፣ አንድም ጥግ አላስቀረሁም።

ሲመለስ አየው።

«የማን እግር ነው?»

«የእኔ።»

«ለምን?»

«ቅዳሜ ስለሆነ።»

ገባው። «እጇን እንኳ ነክቼ አላውቅም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ። ለእሷ ስታወራ ከርመህ ለእኔ የምትጽፈው ግን ሁለት መስመር ነው። ‹ደህና ነኝ፤ እናንተስ?› በቃ!»

እንባዬ መጣ። እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ቋንቋው አልሆንልኝ ብሎ ነበር። ክፍል ውስጥ ሁሉም ይስቁብኛል። እሷ ዘንድ ግን አፈር፣ ውሃ፣ ሥር ካልኩ ይበቃል። አንቺ ዘንድ ደግሞ ሞኝ መስዬ እንዳልታይ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

የረገጥኩት መደብ ሲደርቅ እንደ ጡብ ሆነ። ከሌሎቹ ካሮት ስንነቅል ከእሱ የበቀለው ጠማማና ቀጫጭን ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። በበጋ ጓሉን አብረን ፈረፈርነው፤ ያኔ እሱ በሌለበት ልጃችን ታሞ ያደረበትን ሌሊት ሁሉ ነገርኩት።

ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። በዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጎን ለጎን ሆነን ስንኮተኩት፣ ድንገት ቀና ብሎ ለብቻው ፈገግ አለ።

«ምን አስታወስክ?»

«ምንም።»

አላመንኩትም።