«ቆይማ፣ ባቴን ያዘኝ»

ያን ጠዋት ማሾ እየለቀምኩ፣ የቀዘቀዘ እግሬን በፍም እያሞቅኩ ነበር። አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ገቡ።

«በዚህ በመርሳ ሙቀት እሳት የሚሞቅ አንቺን አየሁ!» ብለው ሳቁ።

«ብርድ ነው አብዬ። ትንሽ ስራመድ ባቴን ይይዘኛል፤ ስቆም ይለቀኛል።»

ሳቃቸውን ተዉት። «እኔንም እንዲህ ነበር ያረገኝ። እግርሽ ደም አይደርሰውም። እሳቱን አርቂው፤ ከተቃጠለ አይሽርልሽም፣ እግርሽን ታጪዋለሽ።»

ወልድያ ወሰዱኝ። ሐኪሙ የክንዴንም የቁርጭምጭሚቴንም የደም ግፊት ለካ። «የእግርዎ ደም ሥር ጠቧል» አለና ኪኒን ሰጠኝ፤ ሲያመኝ እያረፍኩ በየቀኑ እንድራመድ አዘዘኝ።

መንገድ ላይ መቆሙ አሳፈረኝ፤ ሰው ምን ይላል ብዬ ቤት ልቀር ነበር። አብዬ ግን በየጠዋቱ እየመጡ አብረውኝ ሄዱ። ባቴን ሲጀምረኝ እሳቸው ቀድመው «ቆይማ፣ ባቴን ያዘኝ» ይሉና ይቆማሉ። እኔም አርፋለሁ። ዛሬ ገበያ የምደርሰው በእግሬ ነው፤ በስተቀኜ ግን «ቆይማ» የሚለኝ የለም።

ከቀብሩ በኋላ ይህን ለጎረቤቴ ነገርኳት።

«አጎትሽ?» አለች። «እሳቸው እኮ ከዳኑ ቆዩ። ብቻቸውን ሲሆኑ እስከ መስጊድ ሳያርፉ ነበር የሚሄዱ።»