በአያቴ ጉያ የሰማሁት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በድሬዳዋ ደቻቱ በነበረው ቤታችን፣ ተረት የምሰማው ከአያቴ ጉያ ተወሽቄ ነበር። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያኔ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ይውሉና፣ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳው ላይ ፋኖስ አስቀምጠው፣ ሲጋራቸውን ለኩሰው፣ በኦሮምኛ «ዱሪ ዱሪ»፣ ድሮ ድሮ ማለት ነው፣ ብለው የጀመሩትን ተረት በአማርኛ ይጨርሱታል። ጅቡ ሲያደባ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የሲጋራው ፍምም ደመቅ ይላል። ጭሱ ፀጉሬና ቀሚሴ ላይ ያድራል። እወደው ነበር፤ የተረት ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ጣቶቻቸው ያብጡ ጀመር። ጠዋት ጠዋት መቀስ መያዝ አቃታቸው። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ። ስፌቱን ተዉት፤ ተረቱንና ሲጋራውን ግን እስኪሞቱ አልተዉም።

አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የቀሚሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ የልጄ ሚስት ናት። ባለፈው ወር አሁን ከምንኖርበት ሰፈር ከሳቢያን በባጃጅ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጋ፣ ብርድ ሳይሆን የመገጣጠሚያ ብግነት እንደሆነ ነገረችኝ። አጨስ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላጨስም አልኳት።

«በልጅነትዎ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ። ሙት መክሰስ መሰለኝ። ካርዱ ላይ ስትጽፍ ሳያት ግን አላስቻለኝም። «አያቴ ያጨሱ ነበር። ጉያቸው ውስጥ ነው ያደግኩት» አልኳት።

ከዚያ መጣ ብላ አልፈረደችም። በዘርም ይመጣል፣ ጭስም ሊያግዘው ይችላል አለች። መድኃኒቱን እንዳላቋርጥ፣ ተቀምጬ እንዳልውል፣ ከጭስ እንድርቅ መከረችኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ ጀማል ሳሎን ተቀምጦ ያጨሳል፤ የአምስት ዓመቷ ልጁ ሰሚራ ጭኑ ላይ ናት። ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ደክሞኝ ስለነበር ዝም ልል ምንም አልቀረኝም።

«ጀማል፣ ልጅቷን ለእኔ ስጠኝና ውጭ ወጥተህ አጭስ» አልኩት።

ምን ሆንሽ ብሎ ቀና ሲል ያበጠ እጄን ዘረጋሁለት። አየውና ልጅቷን አቀብሎኝ ወጣ። ሲጋራውን አልተወም፤ ቤት ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ አላጨሰም።

አያቴን አልወቅሳቸውም፤ ያኔ ማን ያውቅ ነበር። ይህን ሕመም ያመጡብኝ እነዚያ ምሽቶች ቢሆኑ እንኳ፣ ተረቱን ባልሰማሁት ብዬ አልመኝም። ጠዋት ጠዋት፣ ጣቶቼ እስኪፈቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ግን፣ ይህን ማለት ይከብደኛል።