አንድ ዲኮደር፣ ሁለት ክፍል

የምሥራች! ሪሞቱ መጣ! ባትሪው ሳይቀር አብሮ መጣ! ከትናንት ጀምሮ በኋላ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ያሰኘውን ጣቢያ በገዛ አውራ ጣቱ ይቀይራል። የማን አውራ ጣት መሰላችሁ? የሰፈራችን ሚዛን መርማሪ እናት! በሰባ ስምንት ዓመታቸው! ደስታውን ያስቀደምኩት አላስችል ብሎኝ ነው እንጂ፣ እዚህ የተደረሰበት መንገድስ አንገት ያስደፋል። የእሳቸውን አይደለም፣ የልጃቸውን።

ልጃቸው የሱቅ ሚዛን ይመረምራል። መመዘኛ ብረቶቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ብረቱን ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያያል፣ ልክ ከሆነ ማኅተሙን ይለጥፋል፣ ልክ ካልሆነ ግን እንኳን ልመና እንባም አይመልሰው። ባለሱቆቹ «ልክ በልክ» ይሉታል። አንድ ጊዜ የስኳር ነጋዴውን ሚዛን በአሥራ ሦስት ግራም የተነሣ አሽጎበት፣ ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ዝንብ ሲያባርር ውሏል። እናቱ ይህን ለሰማውም ላልሰማውም ያወራሉ። «የኔ ልጅ የሰው ቅንጣት አይነካም!»

ኬብል ቴሌቪዥን ሊያስገባ የሄደ ቀን ዋጋው በግልጽ ተነግሮታል። አንድ ዲኮደር ለአንድ ክፍል። በሌላ ክፍል የራሱን ጣቢያ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ሁለተኛ ዲኮደር ይገባል፣ በየወሩም ትንሽ ይጨመራል። ገመድ ሊዘረጋ የመጣው ሠራተኛ «ለስንት ክፍል ላድርገው?» ሲለው፣ ልክ በልክ «አንድ ይበቃል» አለ። ሠራተኛው ከግቢው እንደወጣ ግን መሰርሰሪያውን አንሥቶ ግድግዳውን በሳ፤ ከሳሎኑ ዲኮደር ሌላ ገመድ ስቦ እናቱ ክፍል ያለችው አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። እናቱ ምስሉን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ለኔም ከፈልክልኝ?» አሉት።

እዚህ ላይ «የለም፣ ከሳሎኑ ስቤልሽ ነው» ቢል ምን ይቀርበት ነበር? ምንም! ግን እንዲያ ዓይን ዓይኑን እያዩት አፉ አልታዘዝ አለው። «አዎ እማዬ፣ ለሁለት ክፍል ነው የከፈልኩት።» እሳቸው መረቁት። ምርቃቱንም ቆሞ ተቀበለ።

እንግዲህ አንድ ዲኮደር የሚያሳየው አንድ ጣቢያ ነው። ሳሎን ሪሞት የያዘ ሰው፣ የኋላውን ክፍልም ይዟል። እናቱ አመሻሹ ላይ ስለ አንዲት ሴት ዳኛ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። ዳኛዋ መዶሻዋን አንሥታ ፍርድ ልትሰጥ ስትል፣ ልክ በልክ ከሥራ ይገባና ኳስ ይከፍታል።

«ሄደች!» ይላሉ ከግድግዳው ወዲያ። «ዳኛዋ ሄደች! ሃያ ሁለት ጎረምሳ መጣብኝ!»

«መስመሩ ነው እማዬ! ከኬብል ድርጅቱ ነው!»

«መስመሩስ ሶፋው ላይ ተጋድሟል» ትላለች ሚስቱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እሱ ይስቃል። ሁለት ዓመት ሳቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ጫማቸውን አጥልቀው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። «ተነሥ። ድርጅቱ ዘንድ ውሰደኝ።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ልከራከር ነዋ! የሁለት ክፍል ይበላሉ፣ የኔን እየመረጡ ይቆርጣሉ። አንተ አፍ የለህም፤ እኔ አለኝ።»

«ሰልፉ አይቻልም» አለ። «ወንበር አይጠፋም» አሉት። «ፎቅ ነው» አለ። «ታዝለኛለሃ!» አሉት። ሚስቱም ይባስ ብላ ከዘራቸውን አቀበለቻቸው።

ከቢሮው ደርሰው፣ ተራቸው ተጠርቶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ስልክ ቁጥሩን ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። እናቱ ንግግራቸውን ከቤት አሰናድተው ነው የመጡት። «ልጄ፣ እኔ ጠብ ፈልጌ አይደለም። ይኼ ልጄ የሚዛን ሰው ነው። ለሁለት ክፍል ከፍሏል። ታዲያ የኔ ክፍል ምን በደለ?»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ልክ በልክን አየችው። ገባት። እሱም እንደገባት ገባውና ጆሮው ጋለ።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምናልባት... በእኛ በኩል ሲመዘገብ ተሳስቶ ይሆናል። ላጣራልዎት።»

አዘነችለት! የማያውቃት ልጅ ገመናውን ሸፈነችለት። ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ እናቱ ግን ወደ ተሰለፈው ሰው ዞሩ። «ሰማችሁ? በገዛ አፏ አመነች! የሁለት ክፍል ተቀብለው አንድ ብቻ መዝግበው! ኃላፊሽን ጥሪልኝ፤ ማን እንደበላው ይታወቃል!»

ኃላፊው ከወዲያኛው በር ብቅ አለ። «ምንድን ነው? ማነው የመዘገበው?» የልጅቷ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ልክ በልክ ወለሉን አየ። ወለሉ ተከፍቶ አልዋጠውም።

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። የከፈልኩት ለአንድ ክፍል ነው። ዳኛዋንም የማጠፋብሽ እኔ ነኝ።»

ከኋላ ወንበር ማን ይነሣ መሰላችሁ? የስኳር ነጋዴው! «አንተ ልክ በልክ! ስንት ግራም ጎደለ በለን እንጂ!» ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

እናቱ አልሳቁም። ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ያለ ኃጢአትሽ ጮህኩብሽ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሁለተኛው ክፍል ስንት ነው?»

ነገረቻቸው። ልክ በልክ በወር ጫማውን ከሚያስጠርግበት ብዙም አይበልጥም። እናቱ ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«ኧረ እማዬ ተይ፣ እኔ እከፍላለሁ!»

«አንተማ ከፍያለሁ ብለኸኝ የለ» አሉት፤ ሳይጮሁ፣ ሳይቆጡ። ገንዘቡንም ራሳቸው በመስታወቱ ሥር አሳለፉ። ልክ በልክ፣ ምነው የስኳር ነጋዴው ደግሞ በሰደበኝ ብሎ ተመኘ።

ሲመለሱ መንገድ መሻገሪያው ላይ ክንዱን ሰጣቸው። አልያዙትም። ከዘራቸውን ወደ መኪኖቹ ዘርግተው ብቻቸውን ተሻገሩ፤ ማዶ ቆመው ጠበቁት።

«መድኃኒቴስ?» አሉት።

«የቱ መድኃኒት?»

«የግፊቱ። ሐኪሙ በቀን አንድ ነው ብሏል ያልከኝ።»

«እሱማ እውነት ነው! እናቴ ትሙ...» አፉ ለምዶበት ጀመረና ምላሱን ነከሰ።

«ቤት ስንገባ ወረቀቱን ሚስትህ ታንብብልኝ።»

ሰውየው ከልቡ ያፈረው ይህን ጊዜ ነው። የቢሮው ሳቅ ፊቱን ነበር ያቃጠለው፤ ይቺ ግን ዘልቃ ገባች። እናቱ እስከዛሬ የጠየቁት ነገር ሁሉ፣ እሱም የመለሰላቸው መልስ ሁሉ፣ እንደገና ሊመዘን ነው።

ሚስቱ አነበበች። አንድ ነው ይላል። «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገመች። እሱ በር ሥር ቆሞ ሁለቱንም ጊዜ ሰማ።

ትናንት ታዲያ ሠራተኛው መጥቶ ሁለተኛውን ዲኮደር ገጠመ! ልክ በልክ የራሱን ገመድ ነቅሎ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነ። አመሻሹ ላይ ኳስ ነበር፤ አልከፈተውም። ሄዶ የእናቱ ክፍል በር ላይ ቆመ።

«ልግባ እማዬ?»

«ግባ። ሪሞቱን ግን እንዳትነካ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ቢላቸው፣ «ማስታወቂያ ሲመጣ እነግርሃለሁ፤ አሁን ዝም በል» አሉት። ማስታወቂያው መጣ፤ ነገሩትም! እንዲያውም ጨርሰው፣ «በል መድኃኒቴን አቀብለኝ» አሉ። አንድ ፍሬ አውጥቶ ከውኃ ጋር ሰጣቸው። ከእጁ ተቀብለው ዋጡት፤ ወረቀቱ ይነበብልኝም አላሉ። እሱ ግን ብርጭቆውን ሲቀበላቸውም ቀና ብሎ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

በሉ እንግዲህ፣ መቀመጥ አልቻልኩም። እኅቴ ዘንድ ልሩጥ። የሷም ባል «ለሁለት ክፍል ከፍያለሁ» ይላታል፤ የሷም ቴሌቪዥን በየማምሻው «መስመሩ ነው» እየተባለ ይቀየርባታል። በሯ ሳይዘጋ ልድረስባት!